ውሃው የደበቀውን ኦይስተር ይናገራል፦ የከተማ ፍሳሽ ኮራል ሪፍ መድረሱን በባለ ዛጎል እንስሳት መከታተል

ኮራል ሪፍ (ኮራል የተባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት አጽም የገነባው የባሕር ውስጥ ድንጋያማ ክምር) ያለበት ባሕር ጥርት ብሎ የሚታየው ድሃ ስለሆነ ነው። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እጅግ ስለሚያንሱበት ተንሳፋፊ አልጌ (ዋቅላሚ) እምብዛም አይራባበትም፤ ብርሃን እስከ ወለሉ ይዘልቃል፤ በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ አልጌዎችም በዚያ ብርሃን ስኳር ሠርተው ኮራሉን ይቀልባሉ። ኮራል በችጋር ውስጥ መኖርን የለመደ እንስሳ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከተማው ሲመግበው ነው።

መጠኑን በቁጥር እንየው። ለሪፍ አስጊ ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ወሰን በአንድ ሊትር ውሃ 1 ማይክሮሞል ገደማ የሟሟ ናይትሮጅን (በክብደት 14 ማይክሮግራም) እና 0.1 ማይክሮሞል ገደማ ፎስፌት ነው። ወሰኑ እንደየቦታው ያከራክራል፤ ነገሩ በምን ያህል ጥቂት መጠን እንደሚበላሽ ግን በደንብ ያሳያል። ያልታከመ የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ በሊትር 40 ሚሊግራም ገደማ ናይትሮጅን ሊይዝ ይችላል። ይህን አንድ ሊትር ወደ ወሰኑ ለማውረድ ምንም ናይትሮጅን የሌለበት 2,900 ሊትር ያህል የባሕር ውሃ ያስፈልጋል።

በሃዋይ፣ በኦዋሁ ደሴት ያለው የካኔኦሄ ባሕረ ሰላጤ የዚህ ነገር የታወቀ ምሳሌ ነው። ለዓመታት የከተማ ፍሳሽ ሲገባበት ዲክቲዮስፌሪያ ካቨርኖሳ የተባለ አረፋ መሳይ አረንጓዴ አልጌ ኮራሉን ሸፈነው፤ ውሃ እያጣሩ የሚመገቡ እንስሳትም ወለሉ ላይ ተበራከቱ። በ1977 እና 1978 ፍሳሹ ወደ ጥልቁ ባሕር እንዲዞር ሲደረግ ውሃው ጠራ፤ አጣሪዎቹም ቀነሱ። አልጌ ማልበስ ብቻውን ግን የጉዳቱ ሁሉ መግለጫ አይደለም። ናይትሮጅን በዝቶ ፎስፈረስ ሲጎድል ኮራል ለሙቀትና ለብርሃን ያለው መቋቋም ይዳከማል፤ በቀላሉም ይነጣል፣ ማለትም አልጌዎቹን አጥቶ ነጭ ይሆናል። ምግብ ሲበዛ የኮራልን አጽም የሚቦረቡሩ ስፖንጆችና ትሎች ይፋፋሉ። ከፍሳሹ ጋር በሽታም ይመጣል፦ በፍሎሪዳ ኪስ የኤልክሆርን ኮራልን የጨረሰው ነጭ ፈንጣጣ መሳይ በሽታ ከሰው ፍሳሽ በሚገኝ ሴራሺያ ማርሴሰንስ በተባለ ባክቴሪያ ሊመጣ እንደሚችል ተረጋግጧል።

ታዲያ የከተማው ናይትሮጅን ሪፉ ላይ መድረሱን እንዴት እናውቃለን?

ውሃ መቅዳት ለምን አይበቃም

መጀመሪያ የሚታሰበው ጠርሙስ ይዞ ሄዶ ውሃ መቅዳት ነው። ይህ ፍሳሹ የሚወጣበት ቱቦ አፍ ላይ ይሠራል፤ ሪፉ ላይ ግን በተደጋጋሚ ያሳስታል። ምክንያቱ የተራበ ባሕር ያገኘውን ወዲያው መብላቱ ነው። የደረሰውን አሞኒየምና ናይትሬት አልጌውና ባክቴሪያው በሰዓታት ውስጥ ይውጡታል። ስለዚህ ጠርሙሱ ውስጥ የሚገኘው ሳይበላ የተረፈው ብቻ ነው። አልጌ የወረረው ሪፍ ላይ የተቀዳ ውሃ «ንጹሕ» ሆኖ ቢገኝ አያስገርምም፤ ናይትሮጅኑ ውሃው ውስጥ ሳይሆን አልጌው ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ፍሳሽ በእኩል መጠን አይፈስም። ከባድ ዝናብ ሲጥል የማጣሪያ ጣቢያዎች ከአቅማቸው በላይ ይሞላሉ፣ የሽንት ቤት ጉድጓዶች ይፈስሳሉ፣ ጎርፉም ሁሉንም ጠራርጎ ያወርዳል። ይህ በሌሊት በሦስት ሰዓት ውስጥ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። በወር አንድ ቀን፣ ያውም ባሕሩ ሲረጋ የሚሄድ ናሙና ሰብሳቢ አያገኘውም።

ኦይስተር (ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ያለው የባሕር እንስሳ) ግን ሌሊቱንም ዝናቡንም እዚያው ነው። ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ስለሚኖር ቦታ አይለውጥም። ውሃ በስንጥቦቹ እያሳለፈ በውስጡ የተንሳፈፈውን አልጌና ብናኝ ይመገባል፤ የምሥራቅ አሜሪካው ትልቅ ኦይስተር በተመቸ ሁኔታ በቀን እስከ 190 ሊትር ሊያጣራ እንደሚችል ይነገራል። የበላው ናይትሮጅን ሥጋው ይሆናል። ሥጋው እንግዲህ የሳምንታትና የወራት አማካይ መዝገብ ነው።

ባለ ዛጎል እንስሳትን ለብክለት ምስክር ማድረግ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ኤድዋርድ ጎልድበርግ በ1975 ያቀረበው ሐሳብ መነሻ ሆኖ፣ አሜሪካ ከ1986 ጀምሮ በባሕር ዳርቻዎቿ መስል (ሌላ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል እንስሳ) እና ኦይስተር እየሰበሰበች ብረታ ብረትና መርዛማ ኬሚካል ትለካለች። ለናይትሮጅን ግን ብዛቱን መለካት ብቻ አይጠቅምም። የኦይስተር ሥጋ የትም ቢያድግ ከክብደቱ ተመሳሳይ ያህል ናይትሮጅን ይይዛል፤ ፕሮቲን ነውና። መጠየቅ ያለበት «ስንት ናይትሮጅን አለህ?» ሳይሆን «ናይትሮጅንህ ከየት መጣ?» የሚለው ነው።

ከባዱና ቀላሉ ናይትሮጅን

ከ1,000 የናይትሮጅን አቶሞች 996ቱ ክብደታቸው 14 ነው፤ 4 ያህሉ ደግሞ አንድ ኒውትሮን ስለሚጨምሩ 15 ይመዝናሉ። እንዲህ በክብደት ብቻ የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች አይዞቶፕ ይባላሉ። ሁለቱም ጨረር አያመነጩም፣ አይበሰብሱም። ኬሚካላዊ ጠባያቸውም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ቀላሉ ትንሽ ፈጠን ማለቱ ብቻ ነው። አሞኒያ ሲተን ቀድሞ የሚያመልጠው ቀላሉ ነው። ባክቴሪያ ናይትሬትን ወደ ጋዝ ሲለውጥም ቀላሉን ያስቀድማል። የሚቀረው ክምችት እየከበደ ይሄዳል።

ይህ ልዩነት የሚገለጸው ከአየር ናይትሮጅን ጋር በማነጻጸር ነው፦ የናሙናው የ15 ለ14 ምጥጥን ለአየሩ ምጥጥን ይካፈላል፣ ከውጤቱ 1 ይቀነሳል፣ ከዚያ በ1,000 ይባዛል። የሚወጣው ቁጥር ዴልታ ይባላል፤ መለኪያው ፐርሚል (ከሺህ) ነው። የአየር ዴልታ በስምምነት ዜሮ ነው።

የምንጮቹን ዴልታ ማወቅ የሥራው ቁልፍ ነው። የፋብሪካ ማዳበሪያ ከአየር ናይትሮጅን ስለሚሠራ ከዜሮ ብዙ አይርቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ−2 እስከ +4 ባለው ውስጥ ይውላል። የአየርን ናይትሮጅን የሚያስሩ የሪፍ ባክቴሪያዎች የሚጨምሩትም ከ−2 እስከ 0 ነው። የጥልቁ ባሕር ናይትሬት በአማካይ +5 ገደማ ነው። በማጣሪያ ጣቢያ ወይም በጉድጓድ ውስጥ የቆየ የሰው ፍሳሽና የከብት እበት፣ አሞኒያው ስለተነነና ባክቴሪያ ስለሠራበት፣ ብዙ ጊዜ ከ+10 እስከ +20 ይደርሳል።

እንስሳ ደግሞ የበላውን እንዳለ አይዝም። ቀላሉን ናይትሮጅን በሽንቱ ስለሚያስወጣ ሥጋው ከምግቡ ይከብዳል፤ በምግብ ሰንሰለት አንድ ደረጃ ሲወጣ ጭማሪው በአማካይ 3.4 ፐርሚል ነው፤ በዛጎል እንስሳት ላይ ግን ከ2 እስከ 4 ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ +8 የሚያሳይ ኦይስተር የግድ ፍሳሽ በልቷል ማለት አይደለም፤ የ+5 ባሕር ውስጥ ያደገ ንጹሕ ኦይስተርም እዚያው ይደርሳል። ነጠላ ቁጥር ብቻውን ትርጉም የለውም። ትርጉም ያለው የሁለት ቦታዎች ልዩነት ነው።

ፎስፈረስ ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም። ፎስፈረስ የማይበሰብስ አይዞቶፕ ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ የሚነጻጸር ጥንድ የለውም።

የትኛውን እንስሳ፣ የትኛውን ሥጋ

ከሁሉ የሚመረጠው በአካባቢው በተፈጥሮ የሚገኝ፣ ከቱቦው አፍ እስከ ሪፉ ድረስ በሁሉም የናሙና መውሰጃ ጣቢያ የሚሰበሰብ አንድ ዝርያ ነው። የድንጋይ ኦይስተር ለዚህ የተመቸ ነው፦ በወደብ ምሰሶ፣ በማንግሮቭ (ጨዋማ ውሃ ዳር የሚበቅል ዛፍ) ሥር፣ በድንጋይ ላይ ሁሉ ይገኛል። ዝርያ መቀላቀል በብዛት የሚሠራ ስህተት ነው። በአንዱ ጣቢያ ኦይስተር፣ በሌላው መስል ተወስዶ የሚታየው የ1 ፐርሚል ልዩነት ከብክለቱ ይሁን ከእንስሳቱ መለየት አይቻልም። መጠናቸውም ይቀራረብ፤ ለምሳሌ ሁሉም ከ50 እስከ 70 ሚሊሜትር።

ድንጋይ ላይ አልጌ የሚግጡ ቀንድ አውጣዎችም ያገለግላሉ፤ የሚመሰክሩት ግን ስለ ተንሳፋፊው ሳይሆን ድንጋዩ ላይ ስለተጣበቀው አልጌ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ጥሩ ነው፤ በአንድ መስመር ላይ መቀላቀል ግን አይገባም።

ግዙፉ ክላም (ትሪዳክና) ሪፉ ላይ ስለሚኖር ብዙዎችን ያጓጓል። ሁለት ነገር ልብ ይባል። አንደኛ፣ እንደ ኮራል ሁሉ በሥጋው ውስጥ አልጌ ስላለው የሟሟ ናይትሮጅንን በቀጥታ ይወስዳል፤ ቁጥሩ እንደ ኦይስተር ቁጥር አይነበብም። ሁለተኛ፣ ዝርያዎቹ በሙሉ በሳይተስ (ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ሁለተኛ ሰንጠረዥ ውስጥ ያሉ ጥበቃ የሚደረግላቸው እንስሳት ናቸው። ሕያዉን ከመግደል በተፈጥሮ የሞተውን ዛጎል በፈቃድ መጠቀም ይበልጣል።

የሥጋው ምርጫ የጊዜ ምርጫ ነው። የምግብ መፍጫው እጢ በቀናትና በሳምንታት ይታደሳል፤ ስንጥብ ከዚያ ይዘገያል፤ ዛጎሉን የሚዘጋው ጡንቻ ደግሞ ወራትን ይይዛል። ለመደበኛ ክትትል ጡንቻው ይሻላል፦ የቅርብ ጊዜ ግርግር አያወዛውዘውም፣ ስቡ ጥቂት ነው፣ ሆድ ውስጥ ያለ ምግብም አይነካካውም። ከትናንት በስቲያ የፈነዳ ቱቦን ተከትሎ የሚሠራ ምርመራ ከሆነ ግን እጢው ይወሰድ፤ ያኔ እንስሳቱ በተጣራ የባሕር ውሃ ለ24 ሰዓት ያህል ተቀምጠው ሆዳቸውን ያጽዱ።

ጣቢያዎችን መትከል

ብክለት ከምንጩ ሲርቅ ቶሎ ስለሚሳሳ ጣቢያዎችን በእኩል ርቀት መደርደር አያዋጣም። 100 ሜትር፣ 300 ሜትር፣ 1 ኪሎሜትር፣ 3 ኪሎሜትር፣ 10 ኪሎሜትር እያሉ ማስፋት ይሻላል። ማነጻጸሪያ ጣቢያ ከአንድ በላይ ይሁን፤ ከወራጁ ውሃ ሽቅብ ያለ፣ ከተማ የሌለበት፣ ነገር ግን ጥልቀቱና የባሕር ወለሉ ተመሳሳይ የሆነ። በማንግሮቭ የተከበበ ማነጻጸሪያን ከገላጣ ሪፍ ጋር ማወዳደር የምግቡን ልዩነት እንደ ብክለት ያስቆጥራል።

ጥልቀት በተደጋጋሚ የሚረሳ ነገር ነው። ፍሳሽ ጨው ስለሌለው ከባሕር ውሃ ይቀልላል፤ ወደ ላይ ይወጣል። ከጥልቅ ቱቦ የተለቀቀው ደግሞ ሞቃቱና ቀዝቃዛው ውሃ በሚለያዩበት ንብርብር ሥር ታግቶ ሊቀር ይችላል። ከጉድጓዶች በከርሰ ምድር የሚመጣው በዳርቻው ወለል በኩል ይመነጫል። ምሰሶ ላይ 1 ሜትር ጥልቀት የተወሰደ ኦይስተር 10 ሜትር ላይ ስላለው ሪፍ ላይመሰክር ይችላል።

በእያንዳንዱ ጣቢያ ስንት? በአንድ ጣቢያ ባሉ እንስሳት መካከል ያለው መደበኛ ልይይት (ቁጥሮቹ ከአማካዩ የሚርቁበት መጠን) 0.5 ፐርሚል ቢሆን፣ ከየጣቢያው 10 በመውሰድ በሁለት ጣቢያዎች መካከል የ0.5 ፐርሚል ገደማ ልዩነትን በእርግጠኝነት መለየት ይቻላል። 3 ብቻ ከተወሰደ ከ1 ፐርሚል በታች ያለው ሁሉ ጭጋግ ነው። ሪፍ ላይ የሚፈለገው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ፐርሚል ስለሆነ በቁጥር መቆጠብ አያዋጣም። ሥጋዎቹን በአንድ ላይ ፈጭቶ አንድ ናሙና ማድረግ ገንዘብ ያድናል፤ ልይይቱን ግን ያጠፋዋል።

ሪፉ ላይ በተፈጥሮ ኦይስተር ከሌለ በወንፊት ከረጢት መስቀል ይቻላል። ከአንድ ንጹሕ ቦታ የተወሰዱ፣ ዕድሜና መጠናቸው የተቀራረበ ወጣት ኦይስተሮች ይመረጡ፤ ወጣቱ ቶሎ ስለሚያድግ አዲሱን ምግብ ቶሎ ያንጸባርቃል። ከመሰቀላቸው በፊት 10 ያህሉ ይታረዱና መነሻ ቁጥር ይሁኑ። ይህ ከተዘለለ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው፤ መጨረሻ ላይ የተገኘው ቁጥር ከአዲሱ ቦታ ይሁን ከድሮው ሰፈር የመጣ አይታወቅም። የሥጋው ግማሽ በ30 ቀን የሚታደስ ከሆነ በ30 ቀን የሚነበበው የለውጡ ግማሽ ብቻ ነው፤ በ60 ቀን 75 በመቶ፣ በ90 ቀን 88 በመቶ ገደማ። ለጡንቻ ከሦስት ወር አያንስ።

ከረጢቱ በየሁለት ሳምንቱ ይቦረሽ። አልጌና ስፖንጅ ቀዳዳዎቹን ሲደፍኑ ውሃ አይገባም፤ እንስሳው ይራባል። የተራበ እንስሳ የራሱን ሥጋ ስለሚያነድ ፍሳሽ ሳይቀምስ ዴልታው ይጨምራል፤ ይህም የብክለት ምልክት መስሎ ይታያል። እንዲህ ያለውን ለመለየት የእያንዳንዱ ደረቅ ሥጋ ለዛጎሉ ክብደት ተካፍሎ ይመዝገብ፤ የከሳ እንስሳ ቁጥር በጥርጣሬ ይታያል።

ኦይስተርን ከባሕር ወደ ባሕር ማዘዋወር በሽታና ወራሪ ዝርያ ያዛምታል። ከዚያው ባሕረ ሰላጤ ውጭ የመጣ እንስሳ መስቀል የለበትም፤ የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ፈቃድም መቅደም አለበት። ከፍሳሽ አጠገብ የተሰበሰበ ማንኛውም ኦይስተር አይበላም፤ በጓንት ይያዝ።

ከቢላ እስከ ማሽን

እንስሳቱ በበረዶ ላይ ተጭነው በዚያው ቀን ይታረዱ፣ ወይም በ−20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጡ። ፎርማሊንና አልኮል አይነኳቸው፤ ሁለቱም ዴልታውን ይለውጣሉ። መለያው ውሃ በማያበላሸው ወረቀት ላይ በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በረዶው ሲቀልጥ ይታጠባል።

ጡንቻው በንጹሕ ቢላ ተቆርጦ በተጣራ ውሃ ይታጠባል። የዛጎል ስባሪ ካለበት በመቆንጠጫ ይለቀም። ከዚያ በ60 ዲግሪ ለ48 ሰዓት፣ ወይም በቀዝቃዛ ማድረቂያ ማሽን ይደርቃል። ሙቀቱን ከፍ አድርጎ ማፍጠን ሥጋውን ያሳርረዋል። የደረቀው በሙቀጫ እንደ ዱቄት እስኪልም ይፈጫል፤ በየናሙናው መካከል ሙቀጫው በአልኮል ይጠረግና ይደርቅ። ከዱቄቱ 0.8 ሚሊግራም ያህል በቆርቆሮ ኩባያ ውስጥ ይመዘናል፤ የደረቀ ጡንቻ 12 በመቶ ገደማ ናይትሮጅን ቢይዝ 100 ማይክሮግራም ያህል ናይትሮጅን ይሆናል፤ ለማሽኑ በቂ ነው።

አሲድ መጨመር የካርቦኔት ቅሪትን ለማስወገድ የተለመደ ነው፤ የናይትሮጅን ቁጥርን ግን ሊያዛባ ይችላል። ካርቦንም የሚለካ ከሆነ ዱቄቱ ለሁለት ይከፈል፦ ለካርቦን የሚሆነው አሲድ ይነካው፣ ለናይትሮጅን የሚሆነው እንዳለ ይቅር። የካርቦን ለናይትሮጅን የክብደት ምጥጥን ከ3.5 በላይ ከሆነ ስብ አለ ማለት ነው፤ ስቡ የሚያዛባው የካርቦኑን ቁጥር ነው።

ላቦራቶሪው ኩባያውን 1,000 ዲግሪ አካባቢ ያቃጥለዋል፤ ጋዙ በጋለ መዳብ ላይ አልፎ ንጹሕ ናይትሮጅን ይሆንና የአይዞቶፕ ማስ ስፔክትሮሜትር ውስጥ ክብደታቸው 28 እና 29 የሆኑት ሞለኪውሎች ይቆጠራሉ። ይህን አገልግሎት የሚሰጡ ላቦራቶሪዎች ናሙና በፖስታ ይቀበላሉ። ሲላክ ግን ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ዴልታቸው የታወቀ ቢያንስ ሁለት መመዘኛዎች (ለምሳሌ −4.52 የሆነው ዩኤስጂኤስ40 እና +47.57 የሆነው ዩኤስጂኤስ41) መጠቀማቸው፣ ከየ10 ናሙናው አንዱ ሁለት ጊዜ መለካቱ፣ የተደገመው ልኬትም ከ0.2 ፐርሚል በላይ አለመራቁ።

ቁጥሩን ማንበብ፣ መሳሳቻውን ማወቅ

ማነጻጸሪያው ጣቢያ ያሉት ኦይስተሮች +7.0፣ ሪፉ አጠገብ ያሉት +9.4 ወጡ እንበል። የፍሳሹ ናይትሮጅን +15 ነው፤ ኦይስተሩ የሚጨምረው 2.5 ከተደመረ ፍሳሽ ብቻ የበላ ኦይስተር +17.5 ይሆናል። ከ7.0 እስከ 17.5 ያለው ርቀት 10.5 ነው፤ የሪፉ ኦይስተር ከዚህ 2.4 ሄዷል። ስለዚህ ከምግቡ ናይትሮጅን 23 በመቶ ያህሉ ከፍሳሽ ነው። ፍሳሹ +15 ሳይሆን +12 ቢሆን ኖሮ ያው ኦይስተር 32 በመቶ ይባል ነበር። የፍሳሹን ዴልታ ከመጽሐፍ ወስዶ ማስላት አይገባም የምንለው ለዚህ ነው፤ ከቱቦው ራሱ በተለያዩ ወቅቶች ተቀድቶ ይለካ።

23 በመቶ ድርሻ እንጂ መጠን አይደለም። ከትንሽ ናይትሮጅን 23 በመቶ እና ከብዙ ናይትሮጅን 23 በመቶ በዴልታ አይለዩም። ማን እንዳዋጣ እንጂ ስንት እንደተዋጣ አይነግረንም። ስለዚህ አብሮት ክሎሮፊል (የተንሳፋፊ አልጌን ብዛት የሚያሳየው አረንጓዴ ቀለም)፣ የሟሟ ናይትሮጅንና የሪፉ አልጌ ሽፋን ካልተለካ ኦይስተሩ የማይችለውን ጥያቄ እንዲመልስ ማስገደድ ይሆናል።

ከሁሉ የሚያሳስበው መሳሳቻ ግን ይኸ ነው፦ ትኩስ፣ ጨርሶ ያልታከመ ፍሳሽ ገና አልተነነም፣ ባክቴሪያም አልሠራበትም፤ ስለዚህ ዴልታው ከባሕሩ ናይትሬት ብዙም ላይለይ ይችላል። ከቤት በቀጥታ ወደ ባሕር የሚለቀቅ፣ ለሪፉም ለሰዉም እጅግ አደገኛ የሆነው ፍሳሽ በኦይስተር ሥጋ ላይ «ንጹሕ» ሆኖ ሊነበብ ይችላል ማለት ነው። ማዳበሪያም ዝቅተኛ ዴልታ ይዞ ሲመጣ የፍሳሹን ከፍታ ይሰርዘዋል፤ ፍሳሽና ማዳበሪያ በአንድ ወንዝ የሚወርዱበት ከተማ ውስጥ ሁለቱ ተጣፍተው አማካይ ቁጥር ይሰጣሉ። በተቃራኒው፣ ኦክስጅን ካነሰበት ጥልቅ ውሃ ወደ ላይ የሚወጣ ናይትሬት በተፈጥሮው ከባድ ስለሆነ ከተማ በሌለበትም ከፍታ ያሳያል።

መፍትሔው ሁለተኛ ምስክር መጥራት ነው። ሱክራሎዝ የተባለው ማጣፈጫ በሰው አካልም በማጣሪያ ጣቢያም ብዙ ሳይነካ ያልፋል፤ ካፌይን ግን በጥሩ ማጣሪያ ውስጥ በአብዛኛው ይጠፋል። ሁለቱም ከተገኙ ያልታከመ ፍሳሽ ይጠረጠራል፤ ሱክራሎዝ ብቻ ከሆነ የታከመ። ኮፕሮስታኖል የተባለው የዓይነ ምድር ስብ በደለል ውስጥ ይፈለጋል። ዴልታው ዝቅ ብሎ እነዚህ ምልክቶች ከበዙ የሚታመኑት ምልክቶቹ ናቸው። በተመሳሳይ መንገድ ከከባዱና ከቀላሉ ካርቦን የሚሰላው የካርቦን ዴልታም ያግዛል፦ የማንግሮቭ ቅጠል −28 ገደማ፣ የባሕር ተንሳፋፊ አልጌ −20 ገደማ፣ የባሕር ሣር −10 ገደማ ስለሆነ የሚነጻጸሩት እንስሳት በእርግጥ ከአንድ ማዕድ መብላታቸውን ያሳያል።

ዛጎሉ የያዘው የድሮ ዘመን

ሥጋ ወራትን ያስታውሳል፤ ዛጎል ዓመታትን። ካልሲየም ካርቦኔቱ ውስጥ ከክብደቱ ጥቂት የሆነ ፕሮቲን ታሽጎ ይቀራል፤ ዛጎሉ ሲያድግ የሚጥላቸው መስመሮች ደግሞ የጊዜ ምልክት ናቸው። ስለዚህ በሙዚየም የተቀመጠ ወይም ከጥንት የቆሻሻ ክምር የተቆፈረ ዛጎል ከተማው ከመቆሙ በፊት ባሕሩ ምን እንደነበር ይነግራል። በአሜሪካ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ከጥንታዊ ክምር የተገኙ የኦይስተር ዛጎሎች ከዛሬዎቹ ጋር ሲነጻጸሩ የዘመናችን ዛጎሎች ናይትሮጅን ከፍ ያለ ዴልታ አሳይቷል።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። የዛጎሉ የላይ ቆዳ በአልጌና በባክቴሪያ ስለሚበከል ተፍቆ ይወገድ። ዛጎሉን ለመቁረጥ ሙጫ (ኤፖክሲ) የሚቀባ ከሆነ ማጠንከሪያው ራሱ ናይትሮጅን እንዳለው ይታወስ፤ ሙጫ የነካው ዱቄት አይላክ። ናይትሮጅኑ በጣም ጥቂት ስለሆነ በአስር የሚቆጠሩ ሚሊግራም ዱቄት ያስፈልጋል፤ ያ ሁሉ ካርቦኔት ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማሽኑን ያጥለቀልቃል። ስለዚህ ጋዙን የሚይዝ ወጥመድ ያለው ላቦራቶሪ ይፈለግ። ሥጋው ለምርመራ የተወሰደ እንስሳ ሁሉ ዛጎሉ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ቀንና ቦታ ተጽፎበት ይቀመጥ፤ ቦታ አይፈጅም፣ ማቀዝቀዣም አይፈልግም።

ፍሳሹ ከታከመ በኋላ

ቱቦ ሲዘጋ ወይም ማጣሪያ ሲሠራ ሁሉም ሰው ቁጥሩ ወዲያው ይወርዳል ብሎ ይጠብቃል። ጡንቻው ግን ለመታደስ ወራት ይወስዳል፤ ደለሉ ያጠራቀመውን ናይትሮጅን መልሶ ይለቅቃል፤ ከአሮጌ ጉድጓዶች የሰረገው የከርሰ ምድር ውሃም ባሕር እስኪደርስ ዓመታት ሊቆጠሩ ይችላሉ። በመጀመሪያው ዓመት ለውጥ ባይታይ ማጣሪያው አልሠራም ማለት አይደለም።

ከዚህም የባሰ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ናይትሮጅንን የሚያስወግድ ዘመናዊ ማጣሪያ ይህን የሚያደርገው ባክቴሪያዎች ናይትሬትን ወደ ጋዝ እንዲለውጡ በማድረግ ነው፤ እነሱም ቀላሉን ስለሚያስቀድሙ ከጣቢያው የሚወጣው ጥቂት ናይትሮጅን ከበፊቱ የከበደ ይሆናል። ወደ ባሕር የሚገባው መጠን በእጅጉ ቀንሶ እያለ የኦይስተሩ ዴልታ ከፍ ሊል ይችላል። የቱቦውን ዴልታና የናይትሮጅን ጭነት በየወሩ ያልመዘገበ ክትትል ይህን መሻሻል እንደ ብክለት ያነበዋል። መዝገቡ መጀመር ያለበት ግንባታው ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ ዝናባማውም ደረቁም ወቅት እንዲያዝ።